ወደ ድንጋይ መፍጫው ከተማ የሚሄደው ካርቶን

በከተማው ልብስ ሰፊዋን የማያውቅ አልነበረም፤ በተማሪነቱ ዘመን ደረቱንና ወገቡን ያልለካችው ሰው የለምና። ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ነው። ሱቋ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በጎማ ጠጋኙና በፎቶ ቤቱ መካከል ያለ፣ ወርዱ ጠባብ ቁመቱ ረጅም ክፍል ነበር። በአንዱ ግድግዳ በኩል ሁለት የእግር ስፌት መኪና፣ መሀል ላይ ትልቅ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ በሌላው በኩል ጣሪያ የሚነካ የጣውላ መደርደሪያ። ሰው ሲያናግራት መርፌውን በከንፈሯ እንደያዘች ስለምትመልስ ከቃሏ ግማሹ ተውጦ ይቀራል፤ ደንበኞቿም ቀሪውን ለነገ አቆይታው ነው እያሉ ይስቁባት ነበር።

ባሏ አሮጌ ፒክአፕ ነበረው። የቤት ዕቃ ይሁን ጡብ ያገኘውን ይጭናል። ለእሱ መኪና ሁሉ በሽተኛ ነበር፤ የሞተሩን ድምፅ አዳምጦ፣ ይቺ አስም አለባት፣ ያቺ ጨጓራዋን ነው እያለ ይፈርዳል። የወለዱት አንድ ልጅ ብቻ ነው። ልጁ እናቱ ፊት ጭምት፣ አባቱ ፊት ወሬኛ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ ደብተሩን ከመቁረጫው ጠረጴዛ ስር ይወረውርና የለውዝ ቅቤ ብልቃጡን በማንኪያ እየጠረገ የአባቱን ፒክአፕ ድምፅ ይጠብቃል። ዳቦውን ሳይነካ ቅቤውን ብቻ ይጨርሰዋል ብላ እናቱ ስትቆጣ አባትየው ደርሶ ያስታርቃል። ልጁ አደገ፤ የአባቱ ዓይን ሲደክም ደግሞ መሪውን እሱ ያዘ።

አንድ ዝናባማ ቀን ጡብ ጭነው ሲመለሱ ፒክአፗ መታጠፊያው ላይ ተንሸራታ ገደል ገባች። አባትየው ሕይወቱ እዚያው አለፈ። ልጁ ግራ እግሩ ተሰብሮ ወጣ። ሰፊዋ ወሬውን ሰምታ እየሮጠች ሆስፒታል ስትደርስ የመለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ልጇን ኮሪደሩ ላይ፣ ቃሬዛ ላይ ተኝቶ አገኘችው። ጭቃው ፊቱ ላይ ደርቋል። ጎንበስ ብላ አየችውና፣

"አንተ እንዴት ተረፍክ?" አለችው።

ከዚህ ሌላ አልተናገረችም። ይህን ቃል ማንኛዋም እናት ልትለው ትችላለች። ተመስገን ለማለትም ይሆናል። እሷ ግን "አንተ" የምትለዋን ጠበቅ አድርጋታለች። ኋላ ላይ ቁጭ ብላ ስታስበው ምን ማለቷ እንደነበር ለራሷም አልለይላት አለ፤ ልጇ በመትረፉ እፎይ ማለቷ ይሁን፣ ባሏ በመቅረቱ መናደዷ ይሁን፣ ወይስ ሁለቱም ባንድ አፍ መውጣታቸው። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እግሩ እስኪጠገን ቤት ተኛ። ምግቡን ታቀርብለታለች፣ አመስግኖ ይበላል፤ ስለዚያ ቀን ግን ማናቸውም አያነሱም። ልትናገር አፏን ከፍታ ሳህኑን ብቻ አንስታ የምትመለስባቸው ቀናት ነበሩ። በክራንች መራመድ ከጀመረ በኋላ አንድ ጠዋት አልጋውን አንጥፎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ስልኩ ለጥቂት ወራት ይጠራ ነበር፣ የሚያነሳው ግን የለም። ኋላ መጥራቱንም ተወ።

ቀጥሎ ሥራዋም ሞተባት። ከፋብሪካ የሚወጣ ርካሽ ዩኒፎርም በየሱቁ በር ላይ መንጠልጠል ሲጀምር ደንበኞቿ አንድ በአንድ ጠፉ፤ የሚመጣላት የተቀደደ ኪስና የተበላሸ ዚፕ ብቻ ሆነ። የምግብ ባንክ የሚባል ድርጅት ሰዎች በከተማው የምግብ ማደያ የሚሆን ቤት ሲያፈላልጉ በሯን ያንኳኩት በዚያ ሰሞን ነው። የመጣችው አስተባባሪዋ ነበረች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትራመድ የቁልፍ ድምፅ የማይለያት ሴት። ሰፊዋን መጀመሪያ ስሙ አሳቃት። ሰው ገንዘቡን ባንክ ሲያስቀምጥ እንጂ ምስሩን ሲያስቀምጥ አይታ እንደማታውቅ ነገረቻት። አስተባባሪዋም አብራት ስቃ አስረዳቻት። በአውራጃው ዋና ከተማ ትልቅ መጋዘን አለ። ፋብሪካውም፣ ጅምላ ሻጩም፣ ገበሬውም የተረፈውን፣ ካርቶኑ የተጨማደደበትን፣ የመጠቀሚያ ቀኑ የተቃረበውን ወደዚያ ይልካል። መጋዘኑ ግን ለችግረኛው በቀጥታ አያድልም፤ የሚያድሉት በየከተማው ያሉ ማደያዎች ናቸው። መጋዘኑ መኪናና ማቀዝቀዣ አለው። የማን ቤት ምድጃ ሳይነድ እንደዋለ የሚያውቀው ግን ጎረቤት ነው።

አስተባባሪዋ ክፍሉን ዞራ አየች። ከስፌት መኪናው ኋላ ያለውን የአይጥ ቀዳዳ በሲሚንቶ እንድትደፍነው፣ ምንም ምግብ መሬት እንዳይነካ፣ ቀኑ የቀረበው ከፊት እንዲደረደር ነገረቻት። መደርደሪያውን አይታ ወደደችው። ከዚያ ወዲያ ሱቁ ማደያ ሆነ። በየሁለት ሳምንቱ ሰኞ አስተባባሪዋ ትደውልና መጋዘኑ ውስጥ ያለውን ትነግራታለች፤ ሰፊዋ በሚመጡላት ቤተሰቦች ልክ ትመርጣለች፤ ማክሰኞ መኪናው ይደርሳል። አንዱ ማደያ የተረፈውን ለሌላው ማደያ መስጠትም ይችላል። ሁለቱ ባለማደያዎች በስልክ ተስማምተው ለአስተባባሪዋ ካሳወቁ ዕቃውን ያው መኪና ይዞት ይሄዳል። ይህን ቅያሬ ይሉት ነበር። ለመውሰድ የሚመጣን ሰው ለምን ተቸገርክ ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። የሚጠየቀው "ስንት ናችሁ?" ተብሎ ብቻ ነው።

ሥራው ሰመረላት። ድሮ ልጆችን ለለካችባቸው ቤቶች አሁን ሩዝና ዘይት ትሰፍራለች። ፌስታል እጅ ይቆርጣል ብላ የሽማግሌዎቹን ካርቶን በጨርቅ ቁራጭ ታስርላቸዋለች። ከስፌት ዘመኗ የተረፈ የዩኒፎርም ቁራጭ ጆንያ ሙሉ ነበራት። አስተሳሰሯ የራሷ ነው፤ ሁለት ጊዜ ጠምዝዛ ጫፉን ወደ ውስጥ ትሸጉጠዋለች፤ የማያውቅ ሰው ቋጠሮውን መፍታት ሲያቅተው በቢላዋ ይቆርጠዋል።

መኪናውን የሚነዳው ሰው ኤሊው ይባላል። ድሮ አንድ ጭነት እንቁላል ሰብሮ ከደነገጠ ወዲህ ባዶውንም ሆኖ የሚሄደው እንቁላል እንደጫነ ነው። ሰውነቱ ወፍራም፣ ወሬው ብዙ ነው፤ ከማደያ ማደያ ከዱቄቱ ጋር ጨዋታ ያደርሳል። አንድ ማክሰኞ ጆንያ እያወረደ ከተራራው ማዶ ስላለው የድንጋይ መፍጫ ከተማ ያወራላት ጀመር። የዚያን ማደያ የምትመራው ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ሰዉ ሁሉ ሲስተር ይላታል። ኤሊው ባለፈው እዚያ ሲያራግፍ ከተሰለፉት ሰዎች አንዱ ወደ መኪናው ጠጋ አለ፣ ጆሮውን ደቅኖ ሞተሩን አዳመጠና፣ ይሄ ሰውዬ አስም አለበት፣ ዳገት ላይ አታስሩጠው አለው። ኤሊው ይህን ሲናገር ሳቁ አላስጨርስ አለው።

ሰፊዋ የያዘችውን የዱቄት ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"በየትኛው እግሩ ነው የሚያነክሰው?" አለችው።

ኤሊው ሳቁን አቆመ። ሰውየው እንደሚያነክስ አልነገራትም ነበር። "በግራው" አላት ቀስ ብሎ።

ያን ቀን የቀረውን ጭነት ያለ ጨዋታ አራገፈ። ሲጨርስ እሷ ነገሩን ሁሉ ነገረችው፤ የኮሪደሩን ቃል ብቻ አስቀረች። እናትህ ትምጣ ወይ ብሎ ልጇን እንዲጠይቅላትም ለመነችው። ኤሊው መልሱን ይዞ የመጣው በሚቀጥለው ዙር ነው። በሩ ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን ከእሷ ላይ አንስቶ፣

"'አልተቀየምኳትም በላት' ብሎኛል፣ እትዬ" አለ። "'ግን እንዳትመጣ። ከመጣች ከዚህም አልፌ እሄዳለሁ' አለ።"

ከዚያ አልፎ ከሄደ የምግብ ባንኩ መኪና የሚደርስበት አገር አልነበረም። ስለዚህ አልሄደችም።

ነገር ግን ልጇ የት እንዳለ አወቀች። ድንጋይ መፍጫው ላይ በቀን ሥራ እንደሚሠራ፣ ሥራ ሲጠፋ ከሲስተር ማደያ እንደሚወስድ፣ መኪናው ሲመጣ ማንም ሳይጠራው ተነስቶ እንደሚያራግፍ ከኤሊው ሰማች። ያቺ እናት ለመላው ከተማ ትሰፍራለች፤ ልጇ የሚበላውን የሚሰፍርለት ግን ሌላ ሰው ነው። እንቅልፍ ነሳት። በመጨረሻ ለሲስተር ደወለች። አንድ ብልቃጥ የለውዝ ቅቤ እንድትልክና ለዚያ ለሚያነክሰው ሰው ለብቻው እንድትሰጥላት ጠየቀቻት። ሲስተር ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ሕጓ ግን የብረት ነበር።

"እህቴ፣ እኔ ቤት ከጠረጴዛ ስር የሚወጣ ነገር የለም" አለቻት። "ለአንዱ ለይቼ መስጠት ከጀመርኩ ነገ በሩን መክፈት አልችልም። ለሁሉም የሚዳረስ ከሆነ ላኪ፤ እሱም ከሰው እኩል ይወስዳል።"

"ሁሉም ስንት ነው?"

"ዘጠና ቤት።"

ሰፊዋ ስልኩን ዘግታ ወደ መደርደሪያው ዞረች። በእሷ ማደያ የለውዝ ቅቤ ብዙም አይወሰድም ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ጥርስ ላይ ይጣበቃል ይላሉ። ያላትን ቆጥራ ለዘጠና ቤት እንደማይበቃ ስታይ ለሌሎቹ ባለማደያዎች መደወል ጀመረች። ለአንዱ ጨው ሰጥታ፣ ለሌላው ሳሙና ሰጥታ፣ ለሌላው በትርፍ ሰዓቷ መጋረጃ ሰፍታ የለውዝ ቅቤ ሰበሰበች። ዘጠናው ሲሞላ በካርቶን አሽጋ፣ በጨርቅ ቁራጮቿ አስራ በኤሊው መኪና አስጫነችው። አንድ ልጇን አንድ ብልቃጥ ለማብላት አንድ ከተማ ማብላት ነበረባት፤ አበላች። ደግሞም ቀጠለችበት። በአውራጃው ያሉ ማደያዎች ሁሉ "የለውዝ ቅቤዋ ሴትዮ" ይሏት ጀመር። ስልኳን ሲያዩ፣ ዛሬስ በምን ልትለውጠን ነው እያሉ ይስቃሉ። አስተባባሪዋ ቅያሬዎቹን ስታይ ግራ እየገባት፣ እትዬ፣ ለድንጋይ ፈጮቹ ምን ዕዳ አለብዎት ትላታለች። ሰፊዋ መርፌ እንደያዘች ሁሉ ከንፈሯን ገጥማ ትስቃለች።

ከጥቂት ዙር በኋላ ኤሊው አንድ ወሬ አመጣላት። ካርቶኖቹን እዚያ ሲያራግፉ የሲስተር ሰዎች ቋጠሮውን ሊቆርጡ ቢላዋ ሲያወጡ ልጇ ከለከላቸው። ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ በጣቱ ፈታው፤ ቁራጮቹንም አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ምንም አላለም ወይ ብላ ጠየቀችው። ምንም አላለም። ይህ ግን በቃት። ያን ሳምንት ጎማ ጠጋኙ በር ላይ ቆማ ስታወራ፣ የፎቶ ቤቱን ሰውዬ ስትተርብ ሰዎች አይተው ሴትዮዋ ምን አገኘች ተባባሉ።

ቀጥሎ የመጣው ዓመት መጥፎ ነበር። ዝናቡ ስለጠፋ ወደ መጋዘኑ የሚገባው ቀነሰ፣ ወደ ማደያዎቹ የሚመጣው ሰው ደግሞ በረከተ። የለውዝ ቅቤ ከየትም ጠፋ። አንድ ማደያ ብቻ ጥቂት ካርቶን እንዳለው ሰማች፤ ባለማደያው ግን በዱቄት ወተት ካልሆነ አልለውጥም አላት። ሰፊዋ ሁለት ቀን ስታመነታ ቆይታ ወተቱን ሰጠች። በዚያው ሳምንት የመንታዎቹ እናት መጣች፤ የሁለት ጨቅላ እናት፣ ጡቷ የደረቀባት፣ ባሏ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ የቀረባት ጎረቤት። ወተት አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ሰፊዋ የለም አለች። ሴትዮዋ ባዶውን መደርደሪያ አየችው፣ እሺ ብላ ልጆቿን አቅፋ ወጣች። ሰፊዋ ከበሩ ቆማ እስክትታጠፍ ድረስ አየቻት። ምነው ሰድባኝ በሄደች ብላ ተመኘች።

አስተባባሪዋ ደወለች። በዚህ ጊዜ አልሳቀችም። የሕፃናት ወተት ለቅያሬ እንደማይወጣ እያወቁ እንዴት አደረጉት ብላ ጠየቀቻት። ሰፊዋ ሰበብ ልትፈጥር ጀምራ አቃታት፤ እውነቱን ነገረቻት።

"እትዬ፣ ማደያው የአንድ ቤት ጓዳ አይደለም" አለች አስተባባሪዋ። "ወተቱን ሁለተኛ እንዳይነኩት። የለውዝ ቅቤውን ለእኔ ይተዉልኝ፤ እኔ አፈላልግልዎታለሁ።"

ወተቱ ከሌላ ማደያ ተለምኖ መጣ። ሰፊዋ ራሷ ተሸክማ የመንታዎቹ እናት ቤት ድረስ አደረሰችው። ሴትዮዋ አመሰገነቻት፤ ምስጋናው ከስድብ በላይ አሳመማት። ከዚያ ወዲያ ለምን እንደሆነ ሳትናገር ከማደያው መልስ እዚያ ቤት እየገባች ልጆቹን ትይዝላት ጀመር። የመንታዎቹ እናትም በፈንታዋ ማደያው ውስጥ መደርደር ታግዛታለች። አስተባባሪዋም ቃሏን ጠበቀች፤ የለውዝ ቅቤ መጋዘን በገባ ቁጥር በመጀመሪያ የምትደውለው ለሰፊዋ ነበር።

ክረምቱ ሲቃረብ ግን ኤሊው ተለወጠባት። ጨዋታው አጠረ። እንዴት ነው ልጄ ስትለው ደህና ነው ይልና ጆንያውን ያነሳል። ምን እያለ ነው ስትለው ያው ነው ይላል። ጉዳይ ሳይኖረው ጎማ ይመታል፣ ምንጣፍ ያራግፋል፣ ተሰናብቶ ይሄዳል። አንድ ቀን የጋቢናውን በር ይዛ፣ ልጄ ከሥራ ወጣ እንዴ አለችው። ኤሊው መሪውን እያየ፣ ድንጋይ መፍጫው በዝናብ ቆሟል፣ ሁሉም ቤቱ ነው አላት። ይህ ውሸት አልነበረም፤ ሙሉው ግን አልነበረም። እሷም ሙሉውን ለመስማት ፈርታ በሩን ለቀቀችው።

ሲስተር የደወለችው አንድ ዓርብ ጠዋት ነው። ሲስተር ብዙ ሰው ያረዳች ሴት ናትና ነገሩን አላንዛዛችውም። ልጅሽ ሌሊት አረፈ፣ የድንጋዩ ብናኝ ሳንባውን ጨርሶት ነበር፣ ብቻውን አልነበረም፣ እጁን ይዤው ነበር አለቻት።

ኤሊው መኪናውን አስፈቅዶ ሊወስዳት መጣ። የጭነት ቀን ስላልነበረ ከኋላቸው ባዶው የጭነት ሳጥን በየጉድጓዱ እየጮኸ ተራራውን ወጡ። ያን መንገድ ስትሄደው የመጀመሪያዋ ነበር። አናቱ ላይ ሲደርሱ ተናገረች።

"ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"በጋው ሳያልቅ ነው የተኛው።"

"ታዲያ አፍህን ምን ዘጋው?"

ኤሊው ማርሽ ቀየረ። "አስማለኝ፣ እትዬ" አለ። "'እንደገና ተኝቼ እንድታየኝ አልፈልግም' አለኝ።"

ኤሊው ቁልቁለቱን ይዞ ወደ ከተማዋ ወረደ።

ልጇ የኖረባት ክፍል ከመፍጫው ኋላ ያለች ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ናት። አንድ የብረት አልጋ፣ አንድ በርጩማ፣ አንድ መስኮት። ግድግዳው፣ የአልጋው ብረት፣ የአምፖሉ ገመድ፣ ሁሉም ነገር ነጭ አቧራ ለብሷል። መስኮቱ ደፍ ላይ የለውዝ ቅቤ ብልቃጦች ተደርድረዋል፤ አብዛኞቹ አልተከፈቱም። ሰፊዋ አንዱን አንስታ አየችው። ሲስተር ከኋላዋ ቆማ ነገረቻት። መዋጥ ካቃተው ቆይቷል፤ የለውዝ ቅቤው ጉሮሮው ላይ እየተጣበቀ ትን ይለውና ያስለው ነበር፤ እሷም አትንካው ብላ ከልክላዋለች። የሚደርሰውን ግን ለሌላ ስጪው ብሏት አያውቅም። ተራውን ጠብቆ ይቀበላል፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህም የአከራዩን ልጅ ልኮ ያስመጣል፤ ጥቂቱን ለአከራዩ ልጆች ይሰጣል፣ አንዱን ከፍቶ ራስጌው ያስቀምጠዋል። ሽታው ይበቃኛል ይላት ነበር።

"'እናትህን ልጥራልህ' ብዬው ነበር፤ ስንት ጊዜ" አለች ሲስተር። "መጨረሻ ላይ፣ 'አንድ ነገር ጠይቃኛለች፤ መልሱን እስካሁን አላገኘሁትም' አለኝ። ምን እንደሆነ ስጠይቀው ግን አልነገረኝም።"

ሲስተር ይህን ብላ ፊቷን አየቻት፤ ምናልባት ትነግረኝ ይሆናል ብላ። ሰፊዋ ብልቃጡን ወደ ቦታው መለሰች። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ጥያቄ እንዳልነበረ፣ መልስ እንደማያስፈልገው፣ በዚያች ደቂቃ ብታገኘው ትነግረው ነበር። ብዙ ዓመት ስትፈልገው የኖረችው ቃል ይኸው ነበር። የመጣላት ግን ባዶ አልጋ ላይ ተቀምጣ ነው።

የቀበሩት የማደያው ሰዎችና የመፍጫው ሠራተኞች ናቸው። ሰዉ እየመጣ እጇን ሲጨብጥ እናቱ መሆኗን የሚያውቅም የማያውቅም ነበር። አንዲት ሴት ጠጋ ብላ አየቻትና፣ የለውዝ ቅቤ የምትልኪልን አንቺ ነሽ እንዴ አለቻት። ነኝ አለች። ሴትዮዋ በሁለት እጇ ያዘቻት፤ በዚያ ክፉ ዓመት ልጆቼ በእሱ ነው ያለፉት ብላ መረቀቻት። ሌሎችም ሰምተው መጡ። ዕድሜ ይስጥሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ አሏት። አሜን እያለች ተቀበለች።

ከተማዋ ስትመለስ ማደያውን መክፈት አልቻለችም። ቁልፉን የወሰደችው የመንታዎቹ እናት ናት። ማንም ሳይጠይቃት ማክሰኞ ጭነቱን ተቀበለች፣ ቀኑ የቀረበውን ከፊት ደረደረች፣ ስንት ናችሁ እያለች ሰፈረች። ሰፊዋ ወደ ሥራዋ የተመለሰችው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው፤ ከዚያም ወዲያ የስልኩን ነገር ለመንታዎቹ እናት ተወችላት። አስተባባሪዋ የሰፊዋን ልጅ ሞት ለባለማደያዎቹ ሳትነግራቸው አልቀረችም፤ የለውዝ ቅቤ መጣ ብሎ የሚደውል ባለማደያ አልነበረም።

ኤሊውን አኮረፈችው። ያራግፋል፣ ትቀበላለች፣ ይሄዳል። እንደምን ዋሉ ሲላት ራሷን ብቻ ትነቀንቃለች። እሱም አልተቆጣም፤ እንደ በደለኛ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይሠራል። ከስቶም ነበር። ብዙ ወር እንዲህ ሄዱ። ከዚያ አንድ ማክሰኞ፣ የመጨረሻውን ጆንያ አስቀምጦ ላቡን ሲጠርግ ከመደርደሪያው በኩል ድምጿን ሰማ።

"መጀመሪያ ያየኸው ቀን ምን ለብሶ ነበር?"

ኤሊው በቆመበት ቀረ። ቡናማ ጃኬት፣ እጅጌው የረዘመበት፣ አላት። እጅጌው የረዘመበትማ የአባቱ ስለሆነ ነው አለችው። ሌላ አልጠየቀችውም። በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ሲስቅ እንዴት እንደነበር ጠየቀችው፤ በሚቀጥለው ሲያራግፍ የት እንደሚቆም፤ በሚቀጥለው ከማን ጋር እንደሚግባባ። ኤሊው ካርቶን እያቀበላት ይነግራታል። የመፍጫውን ፎርማን አካሄድ እንደሚያስመስል፣ የሲስተርን ሚዛን አንድ ቀን ሞተር ነው ብሎ እንዳዳመጠው፣ ዝናብ ሲጥል መኪናው ስር ገብቶ የላላ ብሎን እንዳጠበቀለት። ጭነቱ ሲያልቅ ወሬውም ለዚያ ቀን ያልቃል። በአንድ ማደያ በር ላይ በወር ሁለት ቀን የሚያየውን ሰው ያህል ነው የሚያውቀው፤ ብዙ አልነበረም። ቀስ በቀስ የነገራትን መድገም ጀመረ። እሷም አዲስ እንደሰማች ሆና አዳመጠችው።

አንድ ቀን ሲያራግፍ ደግሞ ልጇ ዘፋኝ እንደነበር ነገራት። ጆንያ ተሸክሞ ሲያነክስ በእርምጃው ልክ ያዜም ነበር፣ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ያጨበጭብለት ነበር አለ። ሰፊዋ የያዘችውን የሩዝ ከረጢት ሳታስቀምጥ ቆመች። ልጇ ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ሲያዜም ሰምታው አታውቅም፤ አባቱ ሲዘፍን እንኳ ጆሮውን የሚይዝ ልጅ ነበር። ኤሊውን አየችው። ሰውየው ጆንያ ያስተካከለ መስሎ ፊቱን ወደ ጭነቱ አዙሯል፤ ጆሮው ቀልቷል።

"ምን እያለ ነበር የሚዘፍነው?" አለችው።

ኤሊው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ትንሽ አሰበና መናገር ጀመረ።